ላፕቶፕም እንደ ገብስ ይታፈናል

ፍላቂት፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለሰብሌ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? ደሴ፣ ወንድምሽ ቤት ከሄድሽ አምስት ወር ሞላሽ። ስልኬን ስለማታነሺ ይህን በሚኒባስ ልኬልሻለሁ። ልጃችን የትናየት የውጭውን የትምህርት ዕድል ማግኘቷን ትናንት ነግራሻለች። እንዴት እንዳገኘችው ግን፣ "አባዬ፣ እሱን አንተ ጻፍላት" ብላ ለእኔ ትታዋለች።

ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ነው ተባለ። ያኔ መብራት ከጠፋ ስምንት ቀን ሆኖት ነበር። አሮጌው ላፕቶፕ ስልክ ጠጋኙ ሐምዳን ዘንድ በሶላር ሞልቶ ቢመጣም፣ አርባ አንድ ደቂቃ ሠርቶ ድርግም ይላል። አዲስ ባትሪ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቀኑ ያልፋል። የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ።

እኔ መቼም ማስታወሻዬ ላይ ሳልጽፍ አላድርም። በየቀኑ ያደረግነውንና የቆየበትን ደቂቃ መዘገብሁ። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አደረግን፤ ሐምዳን የማያስፈልገውን ፕሮግራም ሁሉ ዘጋ። ሃምሳ ሁለት ደረሰና እዚያው ቆመ። በሦስተኛው ቀን ከሥሩ እጄን ብሰድ ይፋጃል፤ ማራገቢያው ይጮኻል። ለካ ልጅቷ የቴሌቪዥኑን ዳንቴልሽን አራት አጥፋ ከሥሩ አንጥፋለት፣ መተንፈሻው ተደፍኗል።

እርጥብ ገብስ መሬት ላይ ሲከመር ይሞቃል፤ ከሥሩ እንጨት ረብርበው አየር ሲያስገቡለት ይድናል።

"አንሺው" አልኋት።

"የእማዬ ነው! እሱ ላይ ስሠራ አጠገቤ ያለች ይመስለኛል።"

ጣሳ ፍለጋ ጓዳ ገባሁ። ቆይታ ራሷ አነሳችው። ሁለት ጣሳ ደፍቼ ላፕቶፑን ከላይ አስቀመጥሁት።

ሐምዳን ሳቀብኝ። "ጋሽ ከፋለ፣ ላፕቶፑንም በጣሳ ሊሰፍሩት ነው?"

"ሳቅ አንተ! ስንት ክረምት ገብስ ያቆየሁ ሰው ይቺ ታቅተኛለች?"

ማራገቢያው ጸጥ አለ። ለካ ባትሪውን ይበላ የነበረው እሱም ነው። ሰባ አራት ደቂቃ!

በቀጠሮው ጠዋት፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ጥግ አስቀመጥንላት። እኔ ሰዓቴን ይዤ ከደጅ ቆምሁ። አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍሁ። አለፈ። ሃምሳ ሁለትም አለፈ። በስልሳ ስድስተኛው ደቂቃ በሩን በርግዳ ወጣች። "አባዬ፣ ጨረስሁ! አሥራ አንድ ፐርሰንት ተርፎታል!" ሐምዳን "አልሐምዱሊላህ!" እያለ ከሱቁ ሲሮጥ አንድ ጫማው መንገድ ላይ ቀረ።

ስትሄጂ፣ "ላንተ ሁሉ ነገር ገብስ ነው፤ ልጄንም ገብስ ሱቅህ ልታስቀራት ነው" ብለሽኝ ነበር። ስለ ልጅቷ ያኔ እውነትሽን ነበር። ስለ ገብሱ ግን እንግዲህ ምን ትያለሽ?

የትናየት መጋቢት ላይ ትሄዳለች። ዳንቴልሽን አጥቤ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ልመልሰው ብትል ከለከልኋት። ቦታውን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ መጥተሽ አልብሺው።

የላስታው ጻድቅ መንገድሽን ያቅናልሽ።

ገብስ ነጋዴው ባልሽ፣
ከፋለ