ስለ አምስቱ «ኦኬ»ዎችና ስለ እማማ ኡምሰልማ ግድግዳ

ለተከበሩ ጓድ በቀለ አያና
የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
አቃቂ

ነሐሴ 11 ቀን 1974 ዓ.ም.

ክቡር ጓድ ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ቀይ እስክሪብቶዎም በሙሉ ጤንነት እንድትሰነብቱ ያለኝን ልባዊ ምኞት እገልጻለሁ። ባለፈው እሑድ ስብሰባ ላይ ሰፊው ሕዝብ ሂሱን ሳይፈራ በጽሑፍ አዘጋጅቶ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ባለው ሰሌዳ እንዲለጥፍ አጥብቀው ስላሳሰቡ፣ እነሆ የታዘዝኩትን ፈጽሜአለሁ። የማታ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት እንደመሆኔ መጠን ከሙያዬ ክልል ላለመውጣት ስል፣ ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ እጽፋለሁ።

ቃሏ «ኦኬ» ናት። እርስዎ የሦስት ወር ኮርስዎን ጨርሰው እስኪመለሱ ድረስ እኛ ምስኪኖቹ «እሺ»፣ «ይሁን»፣ «በጄ»፣ «መልካም»፣ «ተፈቅዷል» እያልን በየጉዳዩ አዲስ ቃል ስንፈልግ ጊዜያችንን እናባክን ነበር። እርስዎ ግን ስብሰባ በ«ኦኬ» ከፍተው በ«ኦኬ» ይዘጋሉ፤ ሰዎች ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈው ስኳሩ ማለቁ ሲነገራቸው «ኦኬ» ብለው ወደየቤታቸው ያሰናብታሉ፤ የጎረቤታችን የአቶ ጁማ ቀብር ላይም ልጃቸው ስታለቅስ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «ኦኬ፣ ኦኬ» ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ቋንቋውን ሳስተምር ቃሏ ይህን ያህል ሸክም ትችላለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ቅሬታዎቼን ደግሞ በተራ ቁጥር አስቀምጬ አቀርባለሁ።

1ኛ/ እማማ ኡምሰልማን ያውቋቸዋል። ባለቤታቸው ከወሎ ወደዚህ ጭነት ሲያመላልሱ የኖሩ ሾፌር ነበሩ፤ እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ከእኔ አጥር ቀጥሎ ባለው የቀበሌ ቤት ይኖራሉ። የቤቱ የጓሮ ግድግዳ ከመጋቢት ጀምሮ አዘመመ። የቀበሌ ቤት ያለ ፈቃድ ምስማር እንኳ እንደማይመታበት ስለሚያውቁ ማመልከቻ አጻፉኝ፤ እርስዎም ግንቦት 20 ቀን ፊታቸው አንብበው በራስጌው ላይ በቀይ «ኦኬ፣ ይታደስ» ብለው ፈረሙ። እማማ በስድሳ አንድ ዓመታቸው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ ስለተማሩ «ይታደስ»ን ራሳቸው አነበቡ፤ ባዕዷን ቃል ግን እኔ ዘንድ አመጡ። «ፈቅደዋል ማለት ነው» አልኳቸው። በማግስቱ አናጢው ኩምሳ መጣና የበሰበሰውን ግድግዳ አፈረሰ፤ አሮጌው ሳይነሳ አዲስ ማገር አይመታምና። ቀትር ላይ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ደርሰው ወረቀቱ ማህተም የለውም ብለው ሥራውን አስቆሙ፤ ኩምሳም መጥረቢያውን ይዞ ሄደ።

2ኛ/ ማህተሙ የሚቀመጠው ባለ ሦስት ቁልፍ የብረት ሣጥን ውስጥ ነው። አንድ ሰው ብቻውን እንዳይመታበት ሦስቱ ቁልፎች በሦስት ጓዶች እጅ እንዲሆኑ መደረጉ እጅግ የሚደነቅ ጥንቃቄ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ቁልፉን ኪሱ እንደከተተ ለዘመቻ ወደ ሰሜን መሄዱ ደግሞ ማንም የማይወቀስበት ጉዳይ ነው። እማማ ይህን ሲያመለክቱ እርስዎ አላሳፈሯቸውም፤ ሰኔ 4፣ ሰኔ 18፣ ሐምሌ 9 እና ሐምሌ 27 ባቀረቧቸው ማመልከቻዎች ላይ ሁሉ ያቺኑ ቃል ጻፉላቸው። አምስት «ኦኬ» በእጃቸው አለ፤ ግድግዳ ግን የለም።

3ኛ/ ክረምቱ ቁልፍ አልጠየቀም። በጓሮ በኩል የተሰቀለው ጆንያ ዝናብ በጠጣ ቁጥር ተቀዶ ይወድቃል፤ ለምርጊት ከጭድ ጋር ተቦክቶ የነበረው ጭቃ እዚያው በስብሶ ሳር አብቅሏል፤ ሽታው እኔ ምሳ የምበላበት ድረስ ይመጣል። ትንሿ የልጅ ልጃቸው ሰዓደት ሳሏ አልለቃትም። እኔ ዘንድ ይምጡ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው፤ እሳቸው ግን «ልጄ፣ ባዶ ካገኙትማ ለሌላ ይሰጡብኛል» ብለው እምቢ አሉኝ። የትም ተጽፎ ባይገኝም እውነታቸውን ነው፤ ባለፈው ዓመት እዚሁ ሰፈር ያየነው ነው።

ክቡር ሆይ፤ እዚህ ላይ ከጨዋነት ትንሽ ወጣ ብል ይቅርታዎን እለምናለሁ። ይህች ቃል አስጠልታኛለች። የተማሪ ደብተር ሳርም እጄ ወደሷ ሲሄድ እመልሰውና ጭረት ብቻ እያደረግሁ አልፋለሁ። ከሁሉ የከፋው ግን ያንን ግድግዳ ያፈረሰው የእኔም አፍ መሆኑ ነው። «ፈቅደዋል» ያልኩት እኔ ነኝ፤ «ማህተሙን እስክናይ አንድ ቀን እንቆይ» ማለት ሲገባኝ በመምህርትነቴ ኮርቼ ተረጎምኩ። ይህን ግለሂስ ከሂሱ ጋር አብረው እንዲመዘግቡልኝ በትሕትና አሳስባለሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስድስተኛ «ኦኬ» አይጻፍ። ሣጥኑ የሚከፈትበት ዘዴ ይፈለግና ኩምሳ ወደ ሥራው ይመለስ። ኩምሳ በሁለት ቀን እጨርሰዋለሁ ብሏል፤ ማገሩም እኔ ግቢ ውስጥ ተቆልሎ ይጠብቃል።

ለሕዝብ ጉዳይ ሲሉ ስለሚያባክኑት ቀይ ቀለም ከፍ ያለ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ በጤናና በደረቅ ቤት እንዲኖሩ ከልብ እየተመኘሁ፣ ትሑት ጎረቤትዎና የቃላትዎ ተርጓሚ፣

አለሚቱ ቡልቻ
የእንግሊዝኛ መምህርት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ልለጥፈው ስነሳ እማማ ኡምሰልማ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። «የመንግሥት ቤት ግድግዳ ያለ ፈቃድ በማፍረስ» ተከሰው ሐሙስ ጠዋት የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ፊት እንዲቀርቡ፣ ጥፋተኛ ከተባሉም ቤቱን እንዲለቅቁ የሚያዝ መጥሪያ ነው። ቁልፍ ያዡ ጓድ ዛሬም ከሰሜን አልተመለሱም። ከመጥሪያው ግርጌ ግን ክብ፣ ደማቅ፣ ፊደሉ ሁሉ የሚነበብ ማህተም አርፎበታል። እማማ ይህን ለማስተርጎም አልመጡም፤ ራሳቸው አንብበውታል። ማህተሙን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና «ለካስ ሣጥኑ ይከፈታል» አሉኝ።