ስለ ቀረፋው ሽሮፕሽ

ልጄ፣ ጤናው ይብዛልሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው አይጥፋብሽ። እኛ ደህና ነን፣ እኔም ጭምር። የአባትሽ ጉልበት በብርዱ አስቸግሮት ነበር፣ አሁን ሻል ብሎታል። የኩሽናው ጣሪያ ግን ዛሬም ያንጠባጥባል።

ትናንት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ስልኳን ይዛ መጣች። ቪዲዮሽን አሳየችኝ፤ ላቴ የሚሉት የወተት ቡና ላይ የሚጨመረውን፣ በጠርሙስ የምትሸጪውን የቀረፋ ሽሮፕ ቤትሽ ውስጥ ስታፈዪ። እንዴት አምሮብሻል! ትንሽ ከስተሻል እንጂ። ከዚያ ማንኪያውን ከፍ አድርገሽ፣ “ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት” አልሽ። ከቪዲዮው ሥር ስንቱ ሰው ጽፎ አጽናንቶሻል! ልብስ ሰፊዋ መሳቁም ማልቀሱም ግራ ገብቷት፣ “እትዬ፣ እንኳን ከሞት ተነሡ” አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። አባትሽ ግን አልሳቀም፤ ከዘራውን አንሥቶ ወጣ።

ለሽያጭሽ የሚበጅ ከሆነ ይሁን፣ ሞቻለሁ። ግን ኬክ ቤት ስኳር ሳፈላ ያረጀሁ ሰው ነኝና በሞትኩበት አታሰድቢኝ። ስኳሩ አንዴ ከሟሟ በኋላ አይማሰልም፤ እንዳንቺ ካማሰሉት ጠርሙሱ ውስጥ ተመልሶ ስኳር ይሆናል። ቀረፋውም ሳይፈጭ፣ በእንጨቱ ነው የሚገባው።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። ክፉ አይይሽ፣ ቤትሽ ይሙላ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ አባትሽ ዛሬም ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ ነው የሚተኛው። እሱን ገና አልገደልሽውምና፣ ደውዪለት።