ስም ያጡት ዘጠኝ መቃብሮች

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአፔኒሳ፤

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? ባለቤትህ ሎሴና እንዴት ናት? የብሪዝበን ብርድ ልጆቹን ለቀቃቸው? እኛ ከእናታችን ጉልበት በቀር ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እሷም ብትሆን ጉልበቷን እያማረረች ካሳቫዋን መንቀሏን አልተወችም።

ባለፈው በስልክ ብሎጉን ልዘጋው ነው ብዬህ ነበር። እውነቴን ነበር። ስለ መንደራችን ስምንት ዓመት ሙሉ ስጽፍ ኖሬ፣ አንባቢው ሁሉ ወደ አጫጭር ቪዲዮ ሲሄድ እጄ ዛለ። የአጎታችንን ልጅ የቴቪታን አፍ ታውቀዋለህ፤ «አንቺ፣ ለዓሣ ነው እንዴ የምትጽፊው? ዓሣ እንኳ ዛሬ ቪዲዮ ነው የሚያየው» እያለ ያንጎና በሚጠጣበት ሁሉ መሳቂያ አደረገኝ። በዚያ ላይ፣ በመንደሩ አለቃ ሹመት ጊዜ አንባቢዎች ሲሰዳደቡ የአስተያየት መስጫውን ዘግቼው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ለካ ብቻዬን ነበር የማወራው።

ከዚያ የመቃብሩ ነገር መጣ። ባሕሩ እየገፋ መጥቶ የዳር መቃብሮችን መብላት ስለጀመረ፣ መንደሩ አፅሞቹን ወደ ኮረብታው ለማዛወር ወሰነ። ካሉት ሠላሳ አንድ መቃብሮች ዘጠኙ ስም የላቸውም። ሊቀመንበራችን ሳይሎሲ፣ «ባለቤት የሌለውን ምን እናድርገው? ዘጠኙንም በአንድ ጉድጓድ እናሳርፋቸዋለን» አለ። ከክፋት አይደለም፤ ጨንቆት ነው። እኔ ግን ሆዴ እምቢ አለኝ። የዘጠኙንም ፎቶ ብሎጉ ላይ አወጣሁና፣ የአስተያየት መስጫውን ከፍቼ «የሚያውቅ ይንገረን» ብዬ ጻፍኩ።

በአራተኛው ቀን ሜሬኦኒ የሚባሉ የኦክላንድ አሮጊት በልጅ ልጃቸው እጅ አጻፉ፦ «ዙሪያውን ሰማያዊ ጠርሙስ የተተከለበት የታናሽ እህቴ ነው። ጠርሙሶቹን የተከልኳቸው እኔ ነኝ፤ ዐሥራ ሁለት ናቸው፣ ቁጠሯቸው።» ሄጄ ቆጠርኩ፤ ዐሥራ አንድ። አሸዋውን ስጭር ዐሥራ ሁለተኛው ወጣ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ከሱቫም ከሲድኒም ይጽፉ ጀመር። ኢሊያሳ የሚባል ሰው ትልቅ ዛጎል ያለበት መቃብር የአያቴ ነው ቢል፣ አንዲት ሴትዮ «የአያትህ? እዚያ የተኛችው እኔን ያዋለደችኝ አዋላጅ ናት፤ አንተ ያኔ የት ነበርክና ነው?» ብላ ወረደችበት። ስድቡ ሲጀመር እንደገና ልዘጋው ጣቴን ልኬ ነበር። ተውኩትና «ያያችሁትንና የሰማችሁትን ብቻ ጻፉ» አልኳቸው። በሳምንቱ ኢሊያሳ ራሱ ተመለሰ፦ «እናቴን ጠየቅኳት። ተሳስቻለሁ፤ አያቴ ከአዋላጇ ቀጥሎ ያለው ነው። ይቅርታ፣ እትዬ።» በአንድ ጠብ ሁለት ስም አገኘን።

ሰባቱ በየስማቸው አረፉ። ሳይሎሲ ስማቸውን አንድ በአንድ አነበበ። ላልታወቁት ሁለቱም የየራሳቸውን ጉድጓድ በእጁ ቆፈረላቸውና፣ «የስም ሰሌዳቸውን ባዶ ተዉት፤ አንድ ቀን የሚያውቅ ይመጣል» አለ። ቴቪታም አሁን ባገኘኝ ቁጥር «ዛሬ ማን ጻፈ?» ነው ጥያቄው።

ወደፊት ብሎግ የሚባል ነገር ይኑር ይቅር እንጃ፤ ቪዲዮው ያሸንፍ ይሆናል። ተማሪዎቼን ክፍል ውስጥ እንደማስተምረው፣ እኔ ሳወራ ሌላው የሚያዳምጠኝ ይመስለኝ ነበር። እኔ ከምጽፈው ይልቅ ግን ከሥሩ የሚጻፈው በለጠ። አልዘጋውም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ስምንት ዓመት አንብበህ አንዲት ቃል ጽፈህ አታውቅም። ስም ካልተገኘላቸው ከሁለቱ አንደኛውን፣ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ያለበትን፣ በየገናው ከአባባ ጋር ትጠርገው እንደነበር እናታችን ነግራኛለች። እሷ ግን የማን እንደሆነ አታውቅም፤ አባባም ሳይነግራት አለፈ። ለአንተ ነግሮህ ከሆነ በስልክ አትንገረኝ። እዚያው ከፎቶው ሥር ጻፈው፤ ብትሳሳት የሚያርምህ አለ።

እናታችን ግንባርህን ስማሃለች። ሎሴናን እቀፍልኝ፤ ኡናይሲን በትምህርትሽ በርቺ፣ ትንሹን ፔናያን ደግሞ አክስትህ ፎቶህን ትጠብቃለች በልልኝ። ቴቪታም፣ ሳይሎሲም በብዙ ሰላም ብለውሃል።

እህትህ ቫሲቲ
ናሳሊያ መንደር፣ ፊጂ
ኦገስት 19 ቀን 2023