ስድስትና አራት አሥር ነው

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ኢንሻራህ፣ አስዋን።

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ስኳርሽ ወረደልሽ ወይስ ዛሬም ከልጆችሽ ተደብቀሽ ተምር ትበያለሽ? ባለቤትሽ ሐጂ ሩሽዲስ ሳሉ ተሻላቸው? እናንተ ዘንድ ፀሐይ ነው አሉ። እዚህ ባሕሩ ከተቆጣ ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ ነፋሱ የባለቤቴን የተፊዳን የልብስ ማስጫ ገመድ በጥሶ የጎረቤት በረንዳ ላይ ጥሎታል። እኔና ተፊዳ ግን አላህ ይመስገን ደህና ነን። እኔማ ከደህናም በላይ ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብዬ መጻፍ አቅቶኝ ሦስቴ ተነሥቻለሁ።

ያ የኮሚ ነገር ተፈታ፣ እትዬ! አንቺ ነገሩን ታውቂዋለሽ፤ ነገር ግን ደብዳቤውን ለሐጂ ሩሽዲ ጮክ ብለሽ እንደምታነቢላቸው አውቃለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ከዶሚኖ ሌላ ስለማያውቁ ከሥሩ ልጀምርላቸው። በባስራ ጨዋታ አንድ ካርታ እኩያውን ወይም ድምራቸው እሱን የሚያክሉትን ያነሣል፤ ጠረጴዛውን ባዶ ካስቀረ ባስራ ነው። ከዚያ ሌላ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካርታ በሙሉ ጠራርጎ የሚያነሣ ቀይ ሰባት አለ፤ ባለ አልማዙ ሰባት፤ ኮሚ የምንለው። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ባለ ቁጥር ካርታዎች ብቻ ሆነው ድምራቸው ከአሥር ካልበለጠ፣ ኮሚ የጣለው ሰው ከመጥረጉም ሌላ ባስራ ይቆጠርለታል፤ አሥር ነጥብ። ንጉሥ ወይም ንግሥት ከመካከላቸው ካለች ግን መጥረግ ብቻ ነው፣ ባስራ የለም። ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ አባታችን መረቡን ሲጠግን እኛ ከጀልባው ሥር ተቀምጠን። “ካልበለጠ ማለት አሥርም ይገባል ማለት ነው፣ አንተ ደደብ!” እያልሽ ጆሮዬን ትቆነጥጪኝ ነበር።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ በሙዓለም ዘናቲ ቡና ቤት፣ ስድስትና አራት ላይ ኮሚዬን ጥዬ “ባስራ!” አልኩ። ባላጋራዬ ጸጉር አስተካካዩ ዑስታ በርዒ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት አናቴን በእጁ የያዘ ወዳጄ። “ከአሥር በታች ነው እንጂ አሥር አይቆጠርም” አለ። ተከራከርን። እልህ ያዘውና አርባ ሰው በተሰበሰበበት፣ “ትራም ላይ ትኬት ስትቆርጥም እንዲህ ነበር የምትቆጥረው?” አለኝ። እኔን! ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የትኬት ቦርሳዬን ሳላጎድል ያስረከብኩትን ሰው! ካርታዬን ትቼ ወጣሁ፤ ቃሉን ካላነሣ ያንን ደጃፍ ላልረግጥ ማልኩ። በርዒ ቃሉን አላነሣም፤ ሰፈሩም ሸውቂ የሚለውን ስሜን ረስቶ “አቶ አሥር” ይለኝ ጀመር። ጸጉሬንም ከጣቢያው አጠገብ ያለ አንድ ሰውዬ ይቆርጠኝ ነበር፤ ተፊዳ በተመለስኩ ቁጥር “ምነው፣ ፍየል በላህ?” ትለኛለች።

በዚህ ወር መግቢያ ሙዓለም ዘናቲ ራሱ ቤቴ ድረስ መጣ። “ረመዳን ሳይገባ ውድድር አለ፤ ስምህን ጽፌዋለሁ። ሁላችንም እያረጀን ነው፣ ሸውቂ” አለኝ። መሐላዬን ነገርኩት። ተፊዳ ከማድ ቤት ሆና ሰማችና “አሥራ አንድ ዓመት ከኔ ጋር ብቻ ተጫወትክ፣ ሁሌም የምትሸነፈው አንተ ነህ፤ እኔም ሰለቸኝ። ሂድና በርዒን ጨርሰው!” አለች። ለመሐላዬ ማካካሻ አሥር ድሃ አበላሁና ሄድኩ። ዋንጫው ከቆርቆሮ የተሠራ ነው፣ እሱን ብዬ አልሄድኩም። የፈለግኩት ያ ቃል ከተነገረበት ቦታ እንዲነሣ ነው።

ሦስት ሰው አሸንፌ ሐሙስ ዕለት ለፍጻሜ ከማን ጋር እንደተቀመጥኩ ገምቺ! በርዒ ገና ሲያየኝ “እንኳን ደህና መጣህ፣ አቶ አሥር! መቁጠሪያ ይዘህ መጣህ?” አለኝ። “ጣቶቼን ይዤ መጥቻለሁ፤ እነሱም አሥር ናቸው” አልኩት። ቤቱ ሳቀ፤ እሱም ሊስቅ ሲል አፉን ያዘ።

“ኮሚ እጅህ ከገባ ቶሎ ልቀቀው፤ የሚያቅፈው ሰው ኋላ መጣያ ያጣል” ትዪኝ እንደነበር ትዝ ይልሻል? በርዒ ደግሞ አቃፊ ነው፤ ድሮም እንደዚያው ነበር። የመጨረሻው አራት አራት ካርታ ሲታደል ኮሚ ገና አልወጣም፤ እኔ እጅ የለም፤ ሌላ የት ይሆናል? እያወጣን ስንጥል ሁለት ሁለት ካርታ ቀረን። ጠረጴዛው ላይ ያለው አንድ ስድስት ብቻ ነው። የኔ እጅ ላይ ንጉሥና አራት አሉ። ሃያ ስምንት ካርታ ሰብስቤ ስለነበር የብዙ ካርታ ነጥብ የኔ ነው፤ በጠቅላላው በስምንት እመራዋለሁ፤ ከባስራ በቀር የሚያድነው የለም።

ንጉሡን ብጥል ኮሚው ቢጠርግም ባስራ አይሆንለትም፤ ዋንጫዬን ይዤ ወደ ቤት። አራቱን ብጥል ግን ስድስትና አራት! አሥሮቹ አራቱም ስላለፉ ሁለቱን አንድ ላይ ሊያነሣ የሚችለው በኮሚ ብቻ ነው፤ ባስራ ነው ካለ ደግሞ አሥር ይቆጠራል ብሎ በገዛ አፉ መመስከሩ ነው። አራቱን ቀስ አድርጌ ከስድስቱ አጠገብ አስቀመጥኩት።

ዶሚኖ ተጫዋቾቹ ሳይቀሩ ተነሥተው ከበቡን። በርዒ ካርታውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና ካርታውን አየ።

“አንተ ተንኮለኛ” አለኝ ቀስ ብሎ።

“ምን አደረግኩ? አራት ጣልኩ።”

“ንጉሥ አለህ አይደል?”

“ኋላ ታየዋለህ።”

“በል እንጂ ዑስታ፣ የምንጠጣው ሰህለብ ቀዘቀዘ!” አለ ሙዓለም ዘናቲ።

ዝም ብሎ ጠርጎ ይሸነፋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ነገር ግን በርዒ ከመታረም ይልቅ መሸነፍን የሚጠላ ሰው ነው። ኮሚውን ብድግ አድርጎ ጠረጴዛው እስኪነጥር ጣለውና “ባስራ!” ብሎ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት አድርጌ ልንገርሽ! ሙዓለም ዘናቲ እንደ ዳኛ ቆሞ “ስንትና ስንት ነበር፣ ዑስታ?” አለው። “ስድስትና አራት።” “ሲደመር?” በርዒ አንገቱን ደፋና “አሥር ነው! አሥር! እርፍ በሉ!” አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በሁለት ነጥብ ተሸነፍኩ፤ ዋንጫውን የወሰደው በርዒ ነው፤ ሰዉ ትከሻው ላይ የተሸከመው ግን እኔን ነው! እንዲህ ያለ ደስታ ከሠርጌ ወዲህ አላየሁም። ሲያወርዱኝ በርዒ ጠመኔ አንሥቶ ነጥብ በሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ “ኮሚ፤ እስከ አሥር፣ አሥርም ይገባል” ብሎ ጻፈ። ዘወር ብሎም “የትራሙን ቃል አንሥቻለሁ፤ ሸውቂ የሰው ሳንቲም ነክቶ አያውቅም” አለ። ከዚያ አርባ ሰው ግማሹ ሞቷል፤ የቀሩት ግን ሰሙ። እኔም አለቀስኩ።

ትናንት ከጁምዓ በፊት በርዒ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጸጉሬን አይቶ “ማነው ይህን ያደረገህ?” ብሎ ራሱን ያዘ። ከዚያ ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ አድርጎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው! “ባዶ ጠረጴዛ ላይ ኮሚ የጣለ ሰው፣ ባላጋራው በተራ ሰባት ቢያነሣበት ባስራ ነው ወይስ አይደለም?” እኔ ነው አልኩ፣ እሱ አይደለም አለ፤ ድምፃችን መንገድ ድረስ ወጣ። ኋላ ግን “እንደገና አሥራ አንድ ዓመት የምንኮራረፍበት ዕድሜ የለንም፤ እትዬ ኢንሻራህ ትዳኘን” ብዬው ተስማማ። ስለዚህ ፍርድሽን ቶሎ ላኪልን። እኔ ልክ ከሆንኩ በትልልቁ ጻፊው።

ለሐጂ ሩሽዲ እጅ ነሥቻለሁ። ለልጅሽ ለዋጊህና ለሚስቱ፣ ለሱዓድም፣ ገና ላላየኋት ለትንሿ የልጅ ልጅሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ከዚህ ተፊዳ ትስምሻለች፤ ተምሩንም ተይ ብላሻለች። ሙዓለም ዘናቲ ሰላም ይልሻል። ዑስታ በርዒም ሰላም ብሎሻል፤ ስሙን ከሰላምታ አቅራቢዎቹ ጋር ከጻፍኩት አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

ወንድምሽ ሸውቂ
እስክንድርያ፣ ባሕሪ ሰፈር
ቅዳሜ ጃንዋሪ 13 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.