የመምህር ፈንታው አስረስ ሕይወትና የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች

መምህር ፈንታው አስረስ ከአባታቸው ከአቶ አስረስ ባምላኩና ከእናታቸው ከወይዘሮ የዓለምዘርፍ ይትባረክ በጥር ወር 1947 ዓ.ም. ጌጫ ተወለዱ። እኔ ታላቅ እህታቸው በየነች ነኝ። ፊደል ስላልቆጠርኩ የምለውን ልጃቸው ሔዋን ጽፋዋለች። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁትን ልጅ አንቱ ማለት አፌ አልለመደውም፤ ለወረቀቱ ሲባል ብያለሁ።

አባታችን ትምህርት ቤት መላክ የቻሉት አንድ ልጅ ብቻ ነበር። እሳቸው ተላኩ፣ እኔ ቀረሁ። ማሻ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ተማሩ፤ ከዚያም ጅማ የመምህራን ማሰልጠኛ ገብተው በ1967 ዓ.ም. ተመረቁ። መጀመሪያ የተመደቡት ሸዋ ቤንች ነው። እዚያም የተማሪዎቻቸውን ስም አበላሽተው ላለመጥራት ብለው ቤንችኛ ለመዱ። በ1973 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሸዋነሽ ጋር ተጋብተው ይትባረክንና ሔዋንን ወለዱ። በ1974 ዓ.ም. ወደ ሚዛን ተፈሪ ተዛውረው ከሰፈራችን በታች ባለው ትምህርት ቤት ሠላሳ ሦስት ዓመት አስተማሩ። በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ የዕድራችንም ጸሐፊ ሆኑ።

በ2012 ዓ.ም. ስህተት ሠሩ። የሞተ ሰው ስህተት አይነገርም የሚል ካለ ጆሮውን ይድፈን። በሰፈሩ ቤት ያለን ሰዎች አብዛኞቻችን አርጅተናል። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆንን ከቤት ግብር ነፃ እንሁን የሚለውን ማመልከቻ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ጻፉልን። የቻለ ፈረመ፣ ያልቻልን አሻራችንን አኖርን። ተፈቀደልን። መርቀናቸው፣ ጠላ ጠጥተን ገባን።

ለትምህርት ቤቱ ዴስክና ለጣሪያው እድሳት የሚሰጠው ገንዘብ ከዚያው ግብር ነበር። እኔ አላወቅሁም ብል ያምርብኛል። እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን እዚያው ኖረው አለማሰባቸው አንገበገባቸው። በሦስተኛው ዓመት ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ሱሀይላ ዕድሩ ዘንድ መጡና ዴስኩ ተሰባብሮ አለቀ፣ አግዳሚ ወንበሮቻችሁን አውሱን አሉ። አዋስን። ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር አግዳሚዎቹ ወደ ድንኳን ይመጣሉ፤ ልጆቹ ሦስት ቀን ሲሚንቶ ላይ ይቀመጣሉ። እኛ ደግሞ ሽማግሌዎች ነን፤ ቶሎ ቶሎ እንሞታለን።

እሳቸው ግብሩን ሊከፍሉ ሄዱ። አባባ፣ ስምዎ ከመዝገብ ወጥቷል፣ ደረሰኝ አልቆርጥም ተባሉ። በዓመቱም ሄዱ፤ ያው መልስ። ከዚያ አቅም ያለን ወደ ግብሩ እንመለስ፣ የሌለው ይቅር የሚል ሁለተኛ ማመልከቻ ጻፉና ቤት ለቤት ዞሩ። ሻይ ያላቀረበላቸው የለም፤ የፈረመላቸውም የለም። እኔም ፈንታው፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፣ ዕዳው ከየት መጣብኝ ብዬ በሩን ዘጋሁባቸው። ትንሽ ቆመው ሄዱ። ኮቴአቸውን ሰምቻለሁ።

ባደረባቸው የልብ ሕመም እዚሁ ሚዛንና ጅማ ሲታከሙ ቆይተው ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው አረፉ። በዋዜማው የተናገሩት፣ በእኔ ሐዘን ልጆቹ መሬት እንዳይቀመጡ የሚል ነው።

ለምን አላለቀስሽም የምትሉኝ፣ አልመጣልኝም። ዛሬ ጠዋት አግዳሚዎቹ ከክፍል ወጥተው ሲጫኑ ቆሜ አየሁ፤ ያኔም አልመጣም። አሁን የተቀመጣችሁበት የአራተኛ ክፍል ነው። የልጆች ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል፤ ሔዋን አንድ በአንድ አነበበችልኝ።

ስለዚህ አስከሬኑ ሲነሳ አግዳሚዎቹም ይነሳሉ፤ ወደ ክፍላቸው ይሄዳሉ። ሦስቱን ቀን ሰሌን ላይ እንቀመጣለን። ጉልበቱን የሚያመው ቤቱ ሆኖ ያልቅስ። ሁለተኛው ማመልከቻ ከቀለሙ ጋር ድንኳኑ በር ላይ ጠረጴዛው ላይ አለ። የመጀመሪያው አሻራ የእኔ ነው፤ ዛሬ ማለዳ አኖርኩት። ቀለሙ ከጣቴ አሁንም አልለቀቀም።

መምህር ፈንታው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና በሩን የዘጋችባቸውን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ለነፍሳቸው ከደጋጎቹ መካከል መቀመጫ ይስጥልን። አሜን።