«ሐዋሳ ገብቶ አረፈ»

ለተከበሩ የ«ቂርቆስ ቶሎ ዜና» የፌስቡክ ገጽ አድሚን
ባሉበት

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ስልክዎ ቻርጅ፣ ጣትዎም ጉልበት እንዳያጣ ከልብ እመኛለሁ። ስምዎን ባውቀው በስምዎ እጠራዎ ነበር፤ ሰፈሩ ከ«አድሚን» በቀር የሚያውቅልዎ ስም የለውምና በዚሁ ማዕረግዎ ይቀበሉኝ። እኔ ተስፋማርያም ፀሃዬ እባላለሁ። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው እድራችን ጸሐፊ ስሆን፣ ላለፉት ሃያ ስድስት ዓመታት በሰፈሩ መርዶ ከሚያረዱት ሽማግሌዎች አንዱ ነኝ። ስለዚህ እኔና እርስዎ የሙያ ባልደረቦች ነን ማለት ይቻላል።

የምጽፍልዎ በሰኔ 2008 ስለ ኢተፋ ገቢሳ ስላወጡት ዜና ነው። ለማያውቅ አንባቢ፣ ኢተፋ የሰፈራችንን ልጆች ኳስ የሚያሰለጥን፣ ለእናቱ ለወይዘሮ ወርቄም አንድ ልጅ የሆነ ሰው ነው። ዓርብ ዕለት ቡድኑን ይዞ ለውድድር ሐዋሳ ወረደ። ከሰዓት በኋላ ረዳቱ ሔኖክ በራሱ ፌስቡክ ላይ «አሰልጣኛችን በሰላም ሐዋሳ ገብቶ አረፈ፤ ነገ ጨዋታ አለን» ብሎ ጻፈ። ቅሬታዎቼ ከዚህ ይጀምራሉ።

1ኛ. ስለ ቋንቋ ችሎታዎ። ከሔኖክ ጽሑፍ ላይ «በሰላም»ን አወጡ፤ «ገብቶ»ን አወጡ፤ ጨዋታውንም አወጡና አንዲት ቃል አስቀርተው፣ ከሻማ ሥዕል ጋር «ኢተፋ ገቢሳ ሐዋሳ ላይ አረፈ፤ ነፍስ ይማር» ብለው ለጠፉ። ጉድ በል ቂርቆስ! «አረፈ» ለደከመው መንገደኛም ለሞተውም እንደሚባል የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ መኖሩን እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ስላሳወቁኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2ኛ. ስለ ትጋትዎ። ሔኖክ ዜናዎን አይቶ፣ ኢተፋ ከጨዋታው በፊት እንዳይረበሽ ብሎ ለእሱ ሳይነግረው፣ ከሥሩ «ኧረ እኔ የጻፍኩት መድረሱን ነው፣ ሰውየው አጠገቤ ሻይ እየጠጣ ነው» ብሎ አስተያየት ቢሰጥ፣ ደቂቃ ሳይሞላ አጥፍተው ብሎክ አደረጉት። ሐዘንተኛውን ከሚረብሽ ሰው ስለጠበቁልን እናመሰግናለን።

3ኛ. ይህኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ ነው፤ ቢሆንም ይስሙኝ። የእኛ እድር አንድ ሕግ አለው። ጥሩምባ ነፊያችን መገርሳ «ማን አየ?» ብሎ ሳይጠይቅ ጥሩምባውን አያነሳም፤ ሬሳውን ያዩ ወይም ከሐኪም አፍ የሰሙ የሁለት ሰዎች ስም ሊጠራለት ይገባል። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ሁለቱ ሰዎች እስኪገኙ ሁለት ቀን የጠበቅንበት ጊዜ አለ። በዚያ ዓርብ ምሽት የኢተፋን ስልክ ሦስት ጊዜ ብሞክር ዝግ ነው። ገጽዎን ስከፍተው ከካዛንቺስ እስከ ደምበል ያለ ሰው «ነፍስ ይማር» ብሏል። መገርሳ እንደ ልማዱ «ማን አየ?» አለኝ። እኔ፣ ሽበታሙ ሰውዬ፣ «ሦስት ሺህ ሰው» ብዬ መለስኩለት። ከሦስት ሺው አንዱም እንዳላየ፣ ሁሉም እርስዎን ብቻ እንዳየ፣ ለዚህ ጭንቅላቴ አልታየውም። ሞኝነቴን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር የወይዘሮ ወርቄን በር አንኳኳሁ። በዚያ ሰዓት እኔን በሩ ላይ ያየ ሰው ምን ይዤ እንደመጣሁ ሳልናገር ያውቃል። ነጠላቸውን ሳያጣፉ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «ተስፋማርያም፣ አንተ ካልከኝማ እውነት ነው» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ኢተፋ ስልኩን ቻርጅ አድርጎ እናቱን ደህና አደርሽ ሊል ደወለ። ስልኩን እየተሻማን ጆሯቸው ላይ ብናደርግላቸው አላመኑትም። አይፈረድባቸውም፤ እኛ እንደሆንን የሞተውን «ትንሽ አሞት ነው፣ ደህና ነው» እያልን ሰው ማባበል ልማዳችን ነው፣ እሳቸውም በዕድሜያቸው ስንቱን እንዲህ ብለው አባብለዋል። «አታባብሉኝ፣ ተስፋማርያም ነግሮኛል» እያሉ ስልኩን በእጃቸው ገፉት። ደረታቸውን ያዙ። ሆስፒታል አደረስናቸው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዐረፉ። ኢተፋ ከሐዋሳ እየበረረ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲገባ፣ ለእሱ የተከልነው ድንኳን ለእናቱ ሆኖ ጠበቀው። ሌላ ድንኳን አላስፈለገንም።

4ኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ተውኩት። በቅሬታው ፈንታ አንድ ልመና ላቅርብ። ኢተፋ ከአርባው በኋላ ቤቴ ድረስ መጥቶ «እናቴን ማን ነው የነገራት?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት፤ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመንኩት፣ አንስቶም አቀፈኝ። ቀጥሎ «አንተንስ ማን ነገረህ?» ሲለኝ የምጠራለት ስም አጣሁ። እባክዎ፣ መርዶ ነጋሪ ስም አለው፣ ቤት አለው፣ ካረዳው ሰው ጋር አብሮ ተቀምጦ ያለቅሳል። አንድ ቀን ጎራ ይበሉና ስምዎን ለኢተፋ ይንገሩት። ቡና እንኳ ባይኖር ወንበር አናጣልዎትም።

ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ስሜንም ፊርማዬንም የቤት ቁጥሬንም ሳልደብቅ፣

ተስፋማርያም ፀሃዬ
የእድሩ ጸሐፊ፣ ከእንግዲህ ወዲያ መርዶ የማያረዳ

ግልባጭ፦
«ነፍስ ይማር» ላሉት ሦስት ሺህ ሰዎች፣ በያሉበት

ማስታወሻ፦ በዚያው ቅዳሜ «ሰበር ዜና፦ የኢተፋ ገቢሳ እናት አረፉ» ብለው ያወጡትን ቃል በቃል አጣርቼዋለሁ። ስማቸውም፣ ቀኑም፣ ሰዓቱም ልክ ነው። ገጽዎ እውነት ሲያወጣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን አስቀድመው እርስዎ ራስዎ ሠርተውታል።