ያልተጻፉ መጻሕፍት ያዋስሁበት ዓመት

ወንድም ጋሼ፣ ከሰላምታዬ በፊት ጥፋቴን ላስቀድም። ሰላምታውን ካስቀደምሁ እንደ ልማዴ «ሁሉ ደህና ነው» ብዬ አልፈዋለሁ፤ አንድ ዓመት ሙሉ በጻፍሁልዎ ደብዳቤ ሁሉ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ጥፋቴ ይኸውልዎ፤ እርስዎ ዋስ ሆነው ባስገቡኝ ሥራ ላይ፣ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ ስዋሽ ከረምሁ።

አሁን እንግዲህ ጤናዎ እንደምን ነው? ያ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ፣ ደረጃ መውጣቱን ቻለ ወይ? እትዬስ፣ ሳሉ ለቀቃቸው? ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ዛሬ ደህና ስል እውነቴን ነው። የነገሩ መጨረሻ የደስታ ስለሆነ ግንባርዎን ሳይቋጥሩ ያንብቡልኝ።

ሥራዬን ያውቁታል። ተማሪው የሚፈልገውን መጽሐፍ ስም በትንሽ ወረቀት ጽፎ በመስኮት ይሰጠኛል፤ እኔ ምድር ቤት ወርጄ ከመደርደሪያው አወጣለታለሁ። ካላገኘሁ በወረቀቱ ግርጌ ካሉት ሁለት ቃላት በአንዱ ላይ ምልክት አድርጌ እፈርማለሁ፤ «ተውሷል» ወይም «የለም»። «የለም» ካልሁ ወረቀቱ ወደ ኃላፊያችን ይሄዳል፣ ሌላ ሰው ወርዶ ይፈልጋል። ሠላሳ ዓመት እዚያ ስኖር «ካርታው» የሚል ስም ወጥቶልኛል፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ በዳበሳ ያገኘዋል ይሉኛል። እኔም ስሙን ወድጄው ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

አምና ግን የማላገኛቸው መጻሕፍት መጡ። ርእሳቸው ያምራል፣ የደራሲው ስም አለ፣ የታተሙበት ዓመት አለ፣ ገጹ ሳይቀር ተጽፏል። ተንበርክኬ የታችኛውን መደርደሪያ በባትሪ ፈተሽሁ፤ የሉም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቁልፌን የት እንዳስቀመጥሁ የሚጠፋኝ ሰው ነኝና፣ ዓይኔም ልቤም ተከትለዋት ሄዱ አልሁ። «የለም» ብዬ ሌላ ሰው ወርዶ በአንድ ደቂቃ ቢያገኘውስ? ካርታው ጃጀ ሊባል ነው። ስለዚህ «ተውሷል» እያልሁ ፈረምሁ። ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ እወጣለሁ፤ «በሐሰት አትመስክር» ያለው ከንፈሬ ሳይደርቅ እጄ በሐሰት ይመሰክራል። ይህቺ ቁራጭ ወረቀት ደግሞ ምን ምስክርነት ናት እያልሁ ራሴን አባብል ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዲት ነርስ አለች። ሆስፒታል እየሠራች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች፤ የምታጠናው እናቶች ልጆቻቸውን አንዴ ካስከተቡ በኋላ ለሁለተኛው ክትባት ለምን እንደማይመለሱ ነው። ከሥራ ስትመጣ መስኮቱ ሥር ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች ትጠብቀኛለች። አንድ ቀን እየሳቀች መጣችና «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አዳኑኝ» አለችኝ። አማካሪ መምህሯ ከጠቀሰቻቸው መጻሕፍት አሥራ አንዱን የትም ቢፈልግ አጥቷቸው ኖሮ፣ «ከየት ያመጣሽው ነው?» ብሎ አፋጥጧት ነበር። እሷ የእኔ ፊርማ ያለባቸውን አሥራ አንድ ወረቀቶች አሳየችው። እሱም «ካርታው ተውሷል ካለማ አለ ማለት ነው» ብሎ ወረቀቶቹን ከጽሑፏ ጋር አያይዞ ለፈታኞቹ አስተላለፈላት። እኔም «እሺ፣ እሺ» አልኋት።

ነገሩ ከነከነኝና መዝገብ ክፍል ወዳለችው ባልደረባዬ ሄጄ፣ ቀልድ አስመስዬ፣ «እስቲ እነዚህን ማን እንደወሰዳቸው እይልኝ» አልኋት። ኮምፒውተሯን ነካካችና ሳቋን ለቀቀችው። «ካርታው፣ እነዚህማ ገና አልተወለዱም። ፈልጌ ፈልጌ የትም ቤተ መጻሕፍት የሉም። ቻትቦት የፈጠራቸው ናቸው።» ቻትቦት ማለት፣ ወንድም ጋሼ፣ ኤአይ ከሚሉት ወገን ነው፤ በስልክ ሲጽፉለት እንደ ተማረ ሰው አሳምሮ ይመልሳል። ብዙ ያውቃል፤ የማያውቀውንም በዚያው ባወቀበት ድምፅ ይናገራል። ተማሪው ምን መጽሐፍ ላንብብ ሲለው ያልተጻፈ መጽሐፍ ከነገጹ ይሰጠዋል።

መጀመሪያ የተሰማኝ ምን መሰለዎ? ደስታ። ዓይኔም ልቤም ደህና ናቸው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ግን ነርሷ ትዝ አለችኝ። ማሽኑ የፈጠረውን ሐሰት በፊርማ ያጸናሁት እኔ ነኝ። ጽሑፏን በምታቀርብበት ቀን አንድ ፈታኝ ቢያጣራ ድካሟ ሁሉ ገደል ገባ፤ ከትምህርቱም ትባረራለች። ቀኑ ሊደርስ አንድ ወር ቀርቶታል።

ሁለት ቀን አመነታሁ፤ በሦስተኛው ነገርኋት። «ጋሼ፣ ማሽኑን ብጠረጥር እንኳ እርስዎን አልጠረጥርም ነበር» አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ደግሞ መለስ ብላ፣ «እኔስ ብሆን፣ መጽሐፉን ሳላየው አነበብሁ ብዬ የጻፍሁት ማን አስገድዶኝ ነው?» አለች። ስልኳን አውጥታ እዚያው ፊቴ ጠየቀችው። በትሕትና ይቅርታ ጠየቀና ሌሎች ሦስት ሰጠን፤ ብንፈልግ ሁለቱ አሁንም የሉም። «ይኼስ ከእርስዎም ባሰ» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቄ አመለጠኝ።

ከዚያ ምድር ቤት አብረን ወረድን። የጤና ቢሮ ዘገባ፣ የቆየ መጽሔት፣ አቧራ የጠገበ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ያለውን ሁሉ አወጣሁላት። አንዲት አዋላጅ ከሃያ ዓመት በፊት የጻፈችው፣ ማንም ጠይቆት የማያውቅ፣ በሲባጎ የታሰረ ጽሑፍ አገኘሁ። እናቶቹ ክትባቱን ጠልተው አይደለም የቀሩት ይላል፤ ከሩቅ መጥተው ግማሽ ቀን ተሰልፈው፣ ለሁለት ሕፃን ብለን ለአሥር ልጅ የሚበቃ የክትባት ብልቃጥ አንከፍትም፣ ሌላ ቀን ኑ እየተባሉ ተመልሰው ነው። ነርሷ አንብባ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ኑ ሌላ ቀን እያልሁ የመለስኋቸው እኮ እኔም ነኝ» አለች። ቻትቦቱንም አልጣለችውም፤ የራሷን ማስታወሻ ሰጥታ እንደ ፈታኝ ጠይቀኝ አለችው። ያነጋገርሽው ለሁለተኛው ክትባት የመጡትን እናቶች ብቻ አይደለም ወይ ብሎ አፋጠጣት፤ እውነቱን ነው፣ ሄዳ የቀሩትን ፈልጋ አነጋገረች። ጥፋቷን ለአማካሪዋ ነገረችው፤ እሱም የታረመውን ተቀብሎ ለፈታኞቹ ላከላት። ስለ እኔ ግን አንዲት ቃል አልተናገረችም። «የእርስዎን ለእርስዎ ትቼዋለሁ» አለችኝ።

ከዚህ በኋላ በሚቀረኝ ነገር ላይ ሌላ ወሬ ባልቀላቅልበት ይሻለኛልና ሰላምታዬን እዚሁ ላድርስ። ለእትዬ፣ ሳሉ ካልለቀቃቸው ሐኪም ቤት መሄዱን እንዳያስተጓጉሉ አደራ ይበሉልኝ። ለትልቋ ልጅዎ፣ ለባሏም፣ እንኳን ወደ ራሳችሁ ቤት ገባችሁ ይበሉልኝ። መንታዎቹን በየተራ ይሳሙልኝ፤ ያኛው ቀድሞ ተሳመ ብለው እንዳይጣሉ ይጠንቀቁ። ታችኛው ክፍል ለሚኖሩት ሽማግሌ፣ ልብስ ሰፊው፣ የጠገኑልኝ ካፖርት ዛሬም ሙቀቱ እንዳለ ነው ይበሏቸው።

ትናንት ረፋድ ላይ ጽሑፏን አቀረበች። ሦስት ፈታኞች፣ አማካሪዋ፣ ኃላፊያችንና የሥራ ባልደረቦቿ ነበሩ። እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ከበሩ ውጭ፣ በመጽሐፍ ማመላለሻው ጋሪ ላይ፣ በታረመው ጽሑፏ የጠቀሰቻቸው ሠላሳ አራቱም መጻሕፍትና ጽሑፎች በየገጻቸው ምልክት ተሰክቶባቸው ተደርድረዋል፤ ጠዋት ማንም ሳያዘኝ አውጥቻቸው ነው። አሳምራ ተናገረች። ሸበቶው ፈታኝ ግን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በመጀመሪያው ጽሑፍሽ የነበሩት አሥራ አንድ መጻሕፍት የት ገቡ?» አሏት። «የሉም። ቻትቦት ሰጠኝ፣ ሳላያቸው ጠቀስኋቸው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «የቤተ መጻሕፍቱ ፊርማ ግን ተውሰዋል ይላል። የቱን እንመን?» አሏት። ወደ ወረቀቷ አቀረቀረች፤ የእኔን ስም አላነሣችም።

ከተቀመጥሁበት ብድግ አልሁ። «ጌታዬ፣ ፊርማው የኔ ነው። አላገኘኋቸውም ነበር፤ ደከመ እንዳልባል ብዬ ተውሰዋል አልሁ። እሷ ያመነችው እኔን ነው» አልሁ። «አሁን የጠቀሰችውስ መኖሩን በምን እናውቃለን?» አሉኝ፤ መጠየቃቸው ልክ ነው። በሩን ከፍቼ ጋሪውን እየገፋሁ አስገባሁ። ሦስቱም ከወንበራቸው ተነሥተው እየመረጡ ገለጡ፤ ገጹን ከጽሑፏ ጋር አስተያዩ። ያነሡት ሁሉ ልክ ሆነ። ሸበቶው የአዋላጇን ጽሑፍ ይዘው ቆመው ማንበብ ስለቀጠሉ ሰብሳቢው «ልንፈትናት ነው የመጣነው ወይስ እርስዎ ሊያጠኑ?» ብለው ቤቱን አሳቁት። ወጥተው ተመካክረው ሲመለሱ በከፍተኛ ውጤት ማለፏን ነገሯት። ነርሷ ጋሪውን ተደግፋ አለቀሰች፤ ባልደረቦቿ አጨበጨቡ፤ እኔም አጨበጨብሁ፣ መዳፌ እስኪግል።

ኃላፊያችን አሥራ አንዱን ወረቀቶች ከፈታኞቹ መዝገብ ፈትተው ወደ እኔ መጡ። «የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ነገ ይደርስዎታል» አሉና እስክሪብቷቸውን ዘረጉልኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብዬ፣ «ተውሷል» የሚለውን በአሥራ አንዱም ላይ አንድ በአንድ ሰርዤ «የለም» አልሁ፤ ከየሥሩም ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምሁ።

ታናሽ ወንድምዎ
ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት
ግንቦት ፲፬ ቀን